ከበርበሬ ጆንያ ሥር የወጣችው መኪና

አጎቴ ቡታጅራ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ፣ የመንገድ አቧራውን እንኳ ሳያራግፍ «የወንድሜን መኪና አየኋት» አለኝ። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥም አለ። አንድ የበርበሬ ነጋዴ ግቢ ውስጥ፣ ቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ጆንያ ተጭኖባት ነው ያያት። «እሷው ናት። ከአፍንጫዋ ነው የለየኋት» አለ፣ የጠፋች የእህቱን ልጅ ያገኘ ይመስል።

መኪናዋ አባቴ በንጉሡ ዘመን ማብቂያ፣ ንግዱ ቀንቶት ሳለ፣ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን የገዛት ቀይ የስፖርት መኪና ናት። ሁለት በር ብቻ ነው ያላት። ፊት ሁለት ሰው ትይዛለች፤ ከኋላ ደግሞ ወንበር አለ ለማለት ያህል አንድ ጠባብ መቀመጫ አላት። ሆዷ ከመሬት ቢርቅ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። እንዲህ ያለች መኪና ይዞ ወልቂጤ መኖር፣ ይባስ ብሎ በየመስቀሉ ቸሃ ድረስ፣ አያቴ አገር፣ በፒስታ መንገድ መውጣት የጤነኛ ሰው ሥራ አልነበረም። አባቴ ግን ይወጣ ነበር። ጭቃ ሲይዛት የየመንደሩ ጎረምሶች ከነተሳፋሪዋ ተሸክመው ያሻግሯት እንደነበር እስከ ዛሬ ይወራል። በደርግ ጊዜ ቤንዚን በኩፖን ሲሆን ሸጣት። ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም፣ ሞተ።

እኔ ያኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከዚያች መኪና የማስታውሰው የፊት መስታወቱን ነው። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ጭን ላይ ተቀምጬ እንሰቱ ግራና ቀኝ እየተከፈተ ሲመጣብን ይታየኛል። አባቴ በአንድ እጁ መሪ በአንድ እጁ ማርሽ ይዞ ያፏጫል። አያቴ የመኪናው ፍጥነት ሲያስፈራቸው እኔን ይበልጥ ጥብቅ ያደርጉኛል። አባቴን ከዚያ መስታወት ውጭ ሳስበው መልኩ እንኳ በቅጡ አይመጣልኝም።

እናቴ ደግሞ አባቴ ከሞተ ጀምሮ ስለ እሱ አውርታ አታውቅም። በኛ ልማድ ሴት የባሏን ስም እንዳሻት አትጠራም፤ እሱ ይገባኛል። ግን ስም ሳይጠሩም እኮ ይወራል። «ያ ሰውዬ» ይባላል፣ «የልጄ አባት» ይባላል። እሷ እሱንም አትልም። ስጠይቃት «የሞተ ሰው ምን ይወራል» ብላ ወደ ሥራዋ ትዞራለች። ይወዳት ነበር? ትወደው ነበር? ጎልምሼ፣ እዚያው ወልቂጤ አስተማሪ ሆኜ፣ ከእሷ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርኩ ይህን አላውቅም ነበር።

ስለዚህ አጎቴ «አየኋት» ሲለኝ ያሰብኩት መኪናዋን አልነበረም። አምጥቼ ግቢያችን አቆማታለሁ፤ እናቴ ታያታለች፤ አፏ ይፈታል፤ «የኛ መኪና» ትላለች። ከዚያ ቃል በኋላ ሌላው እየተመዘዘ ይመጣል ብዬ ነው። የፈለግኩት ያንን ነበር፣ ሌላ አይደለም።

ከአጎቴ ጋር ቡታጅራ ሄድን። መንግሥት ከተለወጠ ብዙ ዓመት አልፎ ነበር፤ ሞባይል የያዘ ሰው ገና መንገድ ላይ ዞር ተብሎ ይታያል። ነጋዴው ሸበቶ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጥላው ሥር የቆመችውን መኪና ሳያት ክው አልኩ። ሰማያዊ ናት።

«ቀይ አይደለችም እኮ» አልኩት አጎቴን በሹክሹክታ።

«ቀለም ምን አለው፣ ይቀባል» አለኝ።

ነጋዴው ከእንሴኖ ሰው ነው የገዛት። ትንሽ ነድቷት ሞተሯ እምቢ ሲል፣ ከመጣል ብሎ የማረቆ በርበሬ ማስቀመጫ አደረጋት።

«ወላሂ እህቴ፣ አልዋሽሽም» አለኝ። «ይቺ መኪና አይደለችም፣ መጋዘን ናት። አይጥ አይገባባትም፣ ዝናብ አይገባባትም። ምን ልታደርጊያት ነው?»

«የአባቴ ነበረች።»

«በምን አወቅሽ?»

ወደ አጎቴ ዞርኩ። አጎቴ የመኪናዋን አፍንጫ አሳየው። ሰውዬው አፍንጫዋን አየ፣ እኛን አየ፣ «እንግዲህ አላህ ያውቃል» አለ።

ጆንያዎቹ ሲወርዱ በሩን ከፍቼ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መስታወቱን ገና ከማየቴ እንባዬ ዱብ ዱብ ይል ጀመር። አጎቴም ራሱን አስገብቶ ሊያየኝ ሲል አለቀሰ። ሁለታችን እንደዚያ ስንነፋረቅ ነጋዴው ከውጭ «ኧረ ውጡ፣ በርበሬው ነው!» ብሎ ጮኸ። ወጥተን ደግሞ ማስነጠስ ያዝን። ያስለቀሰኝ አባቴ ይሁን በርበሬው አላውቅም፤ ያን ጊዜም አላወቅኩም።

ዋጋው ላይ ብዙ አልተጨቃጨቅንም። ነጋዴውን ያስጨነቀው በርበሬውን የት እንደሚያደርገው ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ተጠርተው በመሀል ተቀመጡ፤ ስምምነቱን መረቁና አንደኛው «እንደ አባትሽ ንጂባት» አለኝ። አሜን አልኩ። መንዳት እንደማልችል ለማን ልናገር?

ወልቂጤ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገባ። የመምህራን ማረፊያ ውስጥ «ባል ታግባ ብንል መኪና አገባች፣ እሱንም የማይሄድ» ተባለ። አብሬ ሳቅሁ፣ ውስጤ ግን በሸቀ። ቶሎ የምበሽቅ ሰው ነኝ፣ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። በዚያው ብሽቀት መንጃ ፈቃድ ላወጣ ተመዘገብኩ። አስተማሪዬ ፍሪሲዮን ልቀቂ ሲለኝ ፍሬን እየረገጥኩ፣ ግንባሩን ከመስታወት ጋር እያጋጨሁ፣ ደግነቱ አወጣሁ።

መኪናዋን የተረከበኝ መካኒክ እዚያው ቡታጅራ ጋራዥ ያለው፣ አፉ ከእጁ የሚፈጥን ሰው ነበር። እኔን «አስተማሪዋ» ነው የሚለኝ። «አስተማሪዋ፣ እኔ የነካሁት መኪና ለሌላ መካኒክ አይታይም» ይላል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ እየሄድኩ እጠይቃታለሁ፣ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ እንደሚጠየቅ። በሄድኩ ቁጥር የሆነ ነገሯ የለም። አንዴ በሮቿ የሉም፣ አንዴ ወንበሮቿ የሉም። መርካቶ ተልኮ ያልተገኘው ዕቃ ከሌላ መኪና ተቆርጦ ይገጠምላታል። ሞተሯ እንኳ ግማሹ የሌላ ነው።

«ታዲያ የአባቴ የሆነው የቱ ጋ ቀረ?» አልኩት አንድ ቀን።

አሰብ አደረገና «ቅርጿ» አለኝ።

ሌላ ቀን ስደርስ ቀለሟን እያስፋቀ ነው። ከሰማያዊው ሥር ነጭ ወጣ። ከነጩ ሥር ቀይ ብቅ አለ። እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

«አየህ! ቀይ ነበረች!»

«አስተማሪዋ፣ እሱ እኮ አንቲራስት ነው» አለኝ እየሳቀ። «ዝገት እንዳይበላት መጀመሪያ የሚቀባ ነው። የትኛውንም መኪና ብትፍቂ ታቹ ቀይ ነው። ከፈለግሽ ያን የቆመውን ልፋቅልሽ?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ አጎቴን ይዤ መጣሁ፤ አጎቴ ጭራሽ ከእኔ ብሶ ተገኘ። ዞራት፤ ጎንበስ ብሎ አያት፤ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ።

«ያየኋት ይቺን ነው እንዴ?» አለኝ።

«አንተ አይደለህ እንዴ በአፍንጫዋ ለየኋት ያልከኝ?»

«አፍንጫዋማ እሱ ነው። ጀርባዋ ግን… የወንድሜ ጀርባዋ ዘንበል ያለ አልነበረም?»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ ጠርጥሬም ተመነጠርኩ። ሚኒባሱ ውስጥ ተቀምጬ ስመለስ የማደርገው ጠፋኝ። የማላውቀውን ሰው መኪና በአባቴ ስም እያስጠገንኩ ቢሆንስ? መተው ደግሞ አልችልም፣ በሮቿ ገና መገጠማቸው ነው። መጨረሻ ላይ አንድ የሚያውቅ ሰው ቀርቷል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እናቴ ካየቻት ትለያታለች። መካኒኩን ደማቅ ቀይ ቀባት አልኩት።

ከቡታጅራ ወልቂጤ ስነዳት መንገድ ላይ የቆመችው ሁለቴ ብቻ ነው። ክላክስ እያስጮህኩ ግቢ አስገባኋት። እናቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ከጓሮ መጣች። መኪናዋን ከፊቷ እስከ ኋላዋ አየቻት።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለችኝ።

እንኳን ደስ ያለሽ! ጎረቤት ሶፋ ሲገዛ የሚባለውን!

«እማ፣ አላወቅሻትም?»

«ማንን?»

«የኛ መኪና ናት እኮ! የአባዬ!»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «ቀይ መኪና ሞልቷል። ከውጭ መች አየኋት።»

ከውጭ መች አየኋት ማለት ምን ማለት ነው? ባሏ ስንት ዓመት የነዳትን መኪና! የመኪናዋን በር ደርግሜ ገባሁ፤ በሩም አልዘጋ ብሎ ተመልሶ ተከፈተ። እራት ስንበላ አላናገርኳትም። እሷም አላናገረችኝ፣ እሷ ግን ተቆጥታ አይደለም፣ ልማዷ ነው።

ከዚያ ወዲያ የመጣው ይበልጥ ግራ አጋባኝ። እናቴ መኪናዋን መንከባከብ ጀመረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ተወልውላ አገኛታለሁ። ዝናብ ሲያስገመግም የተሰጣውን እህል ትታ መጀመሪያ ለሷ ሸራ ታለብሳለች። ዶሮ ጣሪያዋ ላይ ሲወጣ እየተራገመች ታባርራለች።

«እማ፣ የኛ ናት ማለት ነው?»

«ንብረት አይደለ? ይበላሽ?»

ካልሆነች ለምን ትወለውላታለች? ከሆነች ለምን አትናገርም? አንዳንዴ ደግሞ የኋላ መስኮቷ ጋ ቆማ ወደ ውስጥ ስታይ አገኛትና ስታየኝ ጨርቋን አንስታ መወልወል ትቀጥላለች። አባቴን ትጠላው ኖሯል እንዴ አልኩ። በዚያች መኪና ሌላ ሴት ይዞ ይዞር ነበር ይሆን ብዬም አሰብኩ፣ አባቴ ይቅር ይበለኝ። አጎቴን ጠየቅሁት። «እኔን በሰው ትዳር አታስገቢኝ» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ። ስለዚህ ምንም ሳይገባኝ፣ ቀይ መኪና ግቢዬ አቁሜ፣ በየቀኑ እናቴን እየሰለልኩ ኖርኩ።

መስቀል ሲደርስ «ዘንድሮ ቸሃ በሷ ነው የምንሄደው» አልኳት። ትከራከረኛለች ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሺ አለች። ለዘመድ የሚሆን ቅቤዋን ቋጥራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። የፊት በሩን ከፍቼ ያዝኩላት። እሷ የፊቱን ወንበር አጠፈችና፣ ስልሳን ያለፈች ሴት፣ እጥፍጥፍ ብላ ኋላ ገባች።

«እማ! ፊት እኮ ባዶ ነው!»

«እዚህ ይመቸኛል።»

«የቱ ነው የሚመችሽ? ጉልበትሽ አገጭሽን ነክቷል!»

«ንጂ» አለች።

ነዳሁ። ጉብሬን አለፍን። በስፖኪዮ አያታለሁ፤ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ አንገቷን ደፍታለች። እንሰቱን አታይ፣ መንገደኛውን አታይ። አገሩ በአደይ ቢጫ ሆኗል፣ እሱንም አታይ።

«አጥወለወለሽ እንዴ?»

«አይ።»

«ታዲያ እታች ምን አለ?»

ተናድጄ ነዳጁን ረገጥኩ። ከእምድብር ተገንጥለን ጥቂት ከሄድን በኋላ አያቴ መንደር ጀፎረው ላይ ወጣን። ጀፎረ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት የተሰለፉበት ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው፤ ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም። ጎማዎቹ ሣሩን ሲነኩ የጠጠሩ ጩኸት ጸጥ አለ። ልጆች እየጮኹ ከኋላችን ሮጡ። ቁጣዬ ሁሉ ጠፍቶ ደስ አለኝ።

«ደረስን፣ እማ!»

«ደረስን?» አለች፣ እንደማታምነኝ። ወለሉን እያየች «ይቺ የኛ አይደለችም» አለች።

መኪናዋን አቆምኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የለፋሁት ለዚህ ነው? «በምን አወቅሽ?» አልኳት።

«የኛ ወለሏ ቀዳዳ ነበር።»

«የምን ቀዳዳ?»

«ድንጋይ የበሳው። እዚህ፣ እግሬ ሥር። አያትሽ አንቺን አቅፈው ፊት ይቀመጣሉ፤ እኔ ከሳቸው ጀርባ ነኝ። ምራት አማቷ ባለበት ቀና ትላለች? አትልም። ከወልቂጤ እዚህ ድረስ አንገቴን ደፍቼ ነው የምመጣው። ምን ልይ ታዲያ? በቀዳዳዋ መሬቱን አያለሁ።»

ከእናቴ አፍ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሰምቼ አላውቅም። እንዳይቋረጥብኝ ፈርቼ ዞር እንኳ አላልኩም።

«ጠጠሩ ሲሮጥ ሜዳው ላይ ነን እላለሁ። ቀስ ሲል ዳገት ነው። ውሃ ሲረጨኝ ወንዙ ጋ ደርሰናል። ከዚያ ድንገት አረንጓዴ ይሆናል። ሣር። እሱን ሳይ ደረስን እላለሁ። አባትሽም…»

«አባዬ ምን?»

«ሊያስደፍናት ነበር። ብርድ ይመታሻል፣ አቧራ ይገባብሻል አለኝ። ተዋት አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላ ሣሩ ላይ ሲደርስ ቀስ ይላል። ሣሩን እንዳየው ብሎ ነው። አያትሽ ‹ምነው፣ መኪናዋ ደከማት?› ይሉታል። እሱ ያፏጫል።»

እኔ እዚያች መኪና ፊት ተቀምጬ ሁሉን ያየሁ ይመስለኝ ነበር። ለካ አባቴ የሚያፏጨው ለእኔም ለአያቴም አልነበረም። አለቀስኩ። ቅናትም ነበረበት፣ አልዋሽም፤ ደስታም ነበረበት።

«እማ፣ ወለሏን እኮ መካኒኩ ቀይሮታል» አልኩ እንደምንም። «ምናልባት ቀዳዳ ኖሮት ይሆናል።»

«እንግዲህ» አለች። «ከተቀየረ በምን ይታወቃል።»

«አሁን ቀና በይና ሣሩን በመስኮት እዪው። አያቴ እንደሆኑ የሉም።»

«ቀና ካልኩማ የማንም መኪና ያደርሰኛል» አለችና ወንበሩን እጠፊልኝ ብላ ወረደች። ዘመድ ከበባት፤ የዚያን ቀን ሌላ አላወራችም።

መስቀል እንዳለፈ ሁለታችን ቡታጅራ ሄድን። እንሂድ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ለምን አላለችም። መካኒኩን ወለሉ ላይ ቀዳዳ ነበር ወይ አልኩት።

«ቀዳዳ?» አለና ሳቀ። «ወለል አልነበራትም ብትይ ይሻላል አስተማሪዋ! ወንፊት ነበር። ሁሉንም ቆርጬ አውጥቼ አዲስ ላሜራ ነው የበየድኩልሽ።»

«ከፊት ወንበር ጀርባ፣ በስተቀኝ፣ ድንጋይ የበሳው ነበር?»

«ዝገት የበላው፣ ድንጋይ የበሳው ማን ይለየዋል? በያለበት ነበር።»

«ቁራጩስ?»

«ቁራሌው ወሰደው።»

ስለዚህ አላውቅም። ያቺ መኪና የአባቴ ትሁን የሌላ ሰው ዛሬም ብትጠይቁኝ አላውቅም። ያን ጊዜ ግን ተበሳጭቼ «እንግዲያው ቅደድልኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«ወለሉን። ቀዳዳ አውጣለት።»

ፊቴን ትክ ብሎ አየ። «እህቴ፣ ደህና ነሽ? እኔ ስም ያለኝ ሰው ነኝ። ከሱ ጋራዥ ወለሏ የተቀደደ መኪና ወጣች ይባልብኝ?» ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ መልሼ ለመንኩት። በመጨረሻ እያጉረመረመ መሰርሰሪያውን አነሳ።

«የት ጋ?» አለ።

የት ጋ እንደሆነ እኔ በምን አውቄ? ወደ እናቴ ዞርኩ። እስከዚያ ድረስ ጋራዡ በር ላይ ቆማ ነበር። መጣች። ወንበሩን አጥፋ ኋላ ገባች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሳበች፣ አንገቷን ደፋች፣ ጫማዋን አውልቃ አዲሱን ላሜራ በእግሯ ጣት እየዳሰሰች ቆየች። መካኒኩ መሰርሰሪያውን እንደያዘ ይጠብቃታል።

«የኛ መኪና» አለችው ሳታየው፣ «ቀዳዳዋ እዚህ ጋ ነው።»